እኩሌታ ከምን ላይ ነው? በፍቺ ጊዜ ስለሚደረገው የሀብትና የዕዳ ክፍፍል የተጻፉት ሲመረመሩ

፩

ስለ ኢትዮጵያ ጋብቻ የጻፉ ሰዎች በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ሲፋቱ፥ በትዳር ሳሉ ያፈሩትን ሀብት እኩል ለእኩል ይካፈላሉ የሚለው ቃል በባህል ጥናትም፥ በሕግ ትምህርትም፥ በታሪክ ጽሑፍም ዘወትር ይገኛል። የሚጠቀሰውም አብዛኛውን ጊዜ በምስጋና ነው። በሌላ አገር ብዙ ሴቶች ባዶ እጃቸውን ከባላቸው ቤት ይወጡ በነበረበት ዘመን፥ የሰሜኑና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ሴት ድርሻዋን ይዛ ትወጣ እንደ ነበር ለማስረዳት ይጠቅማልና።

ይህ ጽሑፍ ያንን ቃል ሐሰት ነው ለማለት የተነሣ አይደለም። የሚጠይቀው፥ እኩሌታ የተባለው ከምን ላይ የሚነሣ እኩሌታ ነው? የሚለውን ነው። እኩሌታ የሒሳብ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ከእርሱ በፊት ሦስት ሥራዎች ይቀድማሉ። አንደኛው፥ እያንዳንዱ ወገን ወደ ትዳሩ ይዞት የመጣውን ለይቶ ማንሣት ነው። ሁለተኛው፥ በቤቱ ላይ ያለውን ዕዳ ቈጥሮ የጋራ የሆነውንና የአንዱ ብቻ የሆነውን መለየት ነው። ሦስተኛው፥ ከሀብት የሚቈጠረውንና የማይቈጠረውን መወሰን ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተፈጸሙ በኋላ የቀረውን ለሁለት መክፈል ለማንም ቀላል ነው። ስለዚህ ፍርዱ የሚቃናው ወይም የሚጣመመው ከመክፈሉ አስቀድሞ በሚደረገው ቈጠራ ላይ ነው። ጸሐፊዎቻችን ግን፥ የባህል ተመራማሪዎቹም ሕግ አውጪዎቹም፥ ይበልጥ የደከሙት በመጨረሻው ሥራ ላይ ነው። ከዚህ ቀጥሎ በመጀመሪያ የባህሉን ጽሑፍ፥ ቀጥሎም ሕጉን ከዚህ አንጻር እንመረምራለን።

፪

ነገሩን ከቃላቱ መጀመር ይሻላል። «ሀብት» «ወሀበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ የመጀመሪያ ትርጉሙ ስጦታ ነው። «ዕዳ» ደግሞ የገንዘብ ብድር ብቻ አይደለም፤ የደምም፥ የጥፋትም፥ የግዴታም ሸክም ዕዳ ይባላል። «ፍቺ» እና «ፍትሕ» ሁለቱም «ፈትሐ» ከሚለው ግሥ የተገኙ ናቸው፤ በአንዱ የሚፈታው ማሰሪያ ነው፥ በሌላው የሚፈታው ነገር ነው። እንግዲህ በቋንቋው ልማድ ሀብት እጅ የሚነካው፥ ዐይን የሚያየው ሲሆን ዕዳ ግን ሰፊና ብዙ ጊዜም የማይታይ ነው። ስለ ፍቺ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ጸሐፊዎቹ የሚታየውን መዝግበው የማይታየውን እንደ ተዉት ይገነዘባል። በሬው፥ ላሟ፥ እህሉ፥ ጎተራው፥ የቤቱ ሣርና እንጨት ተጽፏል። በዚያ ቤት ላይ ማን ምን ይጠይቅ እንደ ነበር ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው የሚነገረው።

የሰማንያ ጋብቻ ሥርዐት ራሱ የቈጠራን ነገር ያውቃል። የሁለቱ ወገን ቤተ ሰቦች ለሙሽሮቹ የሚሰጡት ከብትና የቤት ዕቃ በምስክር ፊት ይነገራል፤ ዋስም ይጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋብቻው ሊፈርስ የሚችል ውል ስለ ሆነ፥ በሚፈርስበት ቀን ማን ምን ይዞ እንደ መጣ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። በቅዱስ ቁርባን የጸና ጋብቻ ይህን አይሻም፤ እንዳይፈርስ ሆኖ የታሰረ ነውና። ፍትሐ ነገሥት በሃያ አራተኛው አንቀጹ ስለ መተጫጨትና ስለ ጋብቻ በሰፊው ሲደነግግ የሚመለከተው ይህንኑ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ነው። የሰማንያው ፍቺ ሥርዐቱን ያገኘው ከሽማግሌዎች ሸንጎ እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። ያልተጻፈ ሥርዐት ስለ ሆነም፥ በኋላ የጻፉት ሰዎች የጻፉለትን ያህል ብቻ ይታወቃል።

ሦስተኛ የጋብቻ ዐይነትም ነበረ። በደመወዝ ወይም በገረድ ጋብቻ የገባች ሴት በየጊዜው የሚከፈላት ተቈርጦ የሚኖር ነበረና፥ ከቤቱ ሀብት እኩል ልካፈል ብላ የመጠየቅ መብት አልነበራትም፤ ስትወጣ የምትጠይቀው ያልተከፈላትን ደመወዝ ነው። ከዚህ የተነሣ «በኢትዮጵያ ባህል ሚስት እኩል ትካፈላለች» ብሎ በጅምላ መጻፍ አይገባም። እኩል የምትካፈለው የሰማንያ ሚስት ናት። በአንድ መንደር፥ በአንድ ዘመን፥ ጎን ለጎን በሚኖሩ ሁለት ቤቶች ውስጥ አንዷ ሴት እኩሌታውን፥ ሌላይቱ ደመወዟን ይዛ ልትወጣ ትችል ነበር።

ስለ ርስት የተጻፈውም በዚህ ቦታ ሊታሰብ ይገባል። አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ርስት በአባትም በእናትም በኩል በትውልድ የሚጠየቅ መብት ነበር። የጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶችም ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት ይይዙ እንደ ነበር ያመለክታሉ። ስለዚህ ባልና ሚስት ሲፋቱ የእርሱ ርስት የእርሱ፥ የእርስዋም የእርስዋ ሆኖ ይቀራል፤ የሚከፈለው የሚንቀሳቀሰው ሀብት ነው። የሆበን መጽሐፍ ጥያቄው ርስት ስለ ሆነ የዕዳን ሒሳብ ከእርሱ መጠበቅ አይገባም። ነገር ግን ከእርሱ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። የሰማንያዋ ሚስት እኩሌታ ብቻውን የቆመ ነገር አልነበረም። ከኋላው በአባቷና በእናቷ ወገን የምትጠይቀው መሬት ነበረ። እኩሌታውን ከዚያ ነጥሎ ማመስገን፥ ከሁለቱ እግሮቹ አንዱን ቈርጦ ሰውየው ይቆማል እንደ ማለት ነው።

፫

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ። በገበሬ ቤት ዕዳ የሚባለው በወረቀት የተጻፈ ብድር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ዕዳው ብዙ መልክ አለው፤ እያንዳንዱም መልክ በፍቺ ቀን የራሱን ጥያቄ ያነሣል።

በመጀመሪያ የዘር ብድር አለ። በክረምት መግቢያ የተበደሩት እህል በመኸር ይመለሳል። ባልና ሚስት በነሐሴ ቢፋቱ ዘሩ በመሬት ውስጥ ነው፤ ዕዳው አለ፥ ሀብቱ ግን ገና አልታየም። ዕዳውን አሁን ተካፍሎ ሰብሉን ለአንዱ መተው፥ ወይም ሰብሉን ለመካፈል እስከ ኅዳር መጠበቅ፥ ሁለቱም «እኩል» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ውጤታቸው ግን አንድ አይደለም።

ቀጥሎ የጉልበት ዕዳ አለ። በወንፈል ለጎረቤት የተሰጠ ቀን ሀብት ነው፤ ከጎረቤት የተቀበሉት ቀን ዕዳ ነው። ይህን ማንም በብር ተምኖ አያውቅም። ከተፋቱ በኋላ በመንደሩ የሚቀረው ወገን የተሰጠውን ቀን ይቀበላል፤ ወደ ወላጆቿ አገር የምትመለሰው ሴት በዚያ ሁሉ ቀን ለደቦው የጋገረችውን እንጀራና የጠመቀችውን ጠላ ከማን ትጠይቃለች?

በከተማም በገጠርም ዕቁብ አለ። ዕቁብ በአንድ ጊዜ ሀብትም ዕዳም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ዕጣው አስቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ወስዶ የቀሩትን ሳምንታት መክፈል ያለበት ባለ ዕዳ ነው። ዕጣው ያልደረሰው ደግሞ በሰው እጅ ያለ ገንዘብ አለው። ዕቁቡን የምትጥለው ሚስት ሆና ገንዘቡ ቤቱን የሠራ ቢሆን፥ ወይም ባልየው ዕጣውን ወስዶ ከበላው በኋላ ቢፋቱ፥ ቀሪው ክፍያ የማን ነው? የዕቁቡ ዳኛ የሚያውቀው የተመዘገበውን ስም ነው።

የዋስትና ዕዳም አለ። ባል ለወንድሙ፥ ሚስት ለእኅቷ ዋስ ሆነው የገቡበት ገንዘብ ተበዳሪው ሲከዳ ወደ ቤታቸው ይመጣል። ብዙ ጊዜም ሌላው ወገን ዋስትናውን የሚሰማው ባለ ገንዘቡ በር ሲመታ ነው። በርስት ዘመን በወለድ አገድ የተያዘ መሬት ነበረ፤ አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ፍሬውን በወለድ ፋንታ ይበላል። ከሚስት ርስት በወለድ አገድ የተገኘ ገንዘብ የባልን ግብር ከፍሎ ከሆነ፥ ትዳሩ ሲፈርስ መሬቱን የማስለቀቅ ዕዳ የማን ነበረ? የእርስዋ ርስት ነው ብሎ ለእርስዋ መተው የሀብትን ደንብ መጠበቅ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የጋራውን ዕዳ በአንዷ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

በመጨረሻ ለክብርና ለነፍስ የሚወጣ ዕዳ አለ። ሰርግ፥ ክርስትና፥ ተዝካር በብድር ይደገሳሉ። የሚስት አባት ሞቶ በጋራ ቤት ተዝካር ከተወጣ፥ ብድሩ የቤቱ ነውን፥ ወይስ የልጅቱ? መልሱን አስቸጋሪ የሚያደርገው ያ ተዝካር ለባልየውም በመንደሩ ፊት ክብር ያስገኘለት መሆኑ ነው። የድግስ ብድር ፍሬው በዐይን የማይታይ ስለ ሆነ የአንዱ ወገን ብክነት ነው ብሎ መካድ ይቀላል። ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚፈቱት መመዝገብ የባህል ተመራማሪ ሥራ ነበር። ስለ ጋብቻ ሥርዐት በተጻፉት ገጾች ውስጥ ግን ስለ ሙሽራዋ ልብስ የተጻፈውን ያህል ስለዚህ አልተጻፈም።

፬

የባህሉ ጽሑፍ ዕዳን ከዘነጋ፥ የተጻፈው ሕግስ? በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 ሕጉ በሚመለከታቸው ነገሮች ላይ የነበረውን የተጻፈና የልማድ ደንብ ሁሉ፥ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር፥ ሻረ። ጋብቻ በሃይማኖትም፥ በልማድም፥ በክብር መዝገብ ሹም ፊትም ቢፈጸም ውጤቱ አንድ እንዲሆን አደረገ። ፍቺውን ግን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተወ። በዚህ ሕግ ባል የቤተ ሰቡ አለቃ ነበረ፤ ከሚስት ደመወዝና ገቢ በቀር የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድረውም እርሱ ነበረ። ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ብቻ የሚያስተዳድረውን ሀብት ሁለቱ እኩል ይካፈሉ ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዱ ብቻ ያስተዳደረው ሀብት ዕዳውም በአንዱ እጅ የተገባ ነው። በሒሳቡ ቀን ሚስቲቱ የምትሰማው የተጠናቀቀ ድምር ነው፥ መዝገቡን የያዘው ሌላው ወገን ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንዶችና ሴቶች በጋብቻ አፈጻጸም፥ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ይህን ተከትሎ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት አስቀረ፥ አስተዳደሩንም የጋራ አደረገ። ይህ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት በሚያስተዳድራቸው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፥ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

የአዲሱን ሕግ መልካም ነገር አስቀድሞ መናገር ይገባል። በአንቀጽ 57 ከጋብቻ በፊት የነበረውንና በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘውን ሀብት የግል ይለዋል። በአንቀጽ 62 ባልና ሚስት በጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ፥ ከግል ሀብታቸው የሚገኘውንም ጭምር፥ የጋራ ያደርገዋል። በአንቀጽ 63 ደግሞ በአንዱ ስም የተመዘገበ ሀብት እንኳ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደ ሆነ ይገመታል ይላል። ይህ ግምት ብዙ ሴቶችን ከጉዳት ያዳነ ነው፤ የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን ነገሩን እንዳይቈርጥ አድርጎአልና። በአንቀጽ 102ም ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው የኖሩ ሰዎች የጋራ ሀብት እንዲኖራቸው ፈቅዷል። በደመወዝና በገረድ ጋብቻ የነበረችውን ሴት ያስታወሰ አንባቢ የዚህን ድንጋጌ ታላቅነት ይረዳል።

በዕዳ ላይ ግን ሕጉ እንዲህ የጠነከረ አይደለም። በአንቀጽ 70 የአንዱ ተጋቢ ዕዳ በመጀመሪያ ከግል ሀብቱ፥ ያ ካልበቃ ደግሞ ከጋራው ሀብት ሊከፈል ይችላል። ለትዳር ጥቅም የተደረገ ዕዳ ግን የሁለቱም ነው፤ ከጋራውም ከግላቸውም ይከፈላል። ለትዳር ጥቅም የተደረገ ዕዳ የትኛው ነው? ለሚለው አንቀጽ 71 ሦስት መልስ ይሰጣል። ለባልና ሚስቱና ለልጆቻቸው ኑሮ የተገባ፥ ሁለቱ ወይም አንዳቸው ያለባቸውን ቀለብ የመስጠት ግዴታ ለመወጣት የተገባ፥ እንዲሁም ፍርድ ቤት ለትዳር ጥቅም ነው ብሎ የተቀበለው ሌላ ዕዳ። ከላይ ያነሣናቸውን በእነዚህ ብናልፋቸው የዘሩ ብድር በመጀመሪያው ያልፋል። የሚስትን አባት በሕይወት ሳለ ለመቀለብ የተበደሩት በሁለተኛው ያልፋል። የዚያው አባት ተዝካር ግን ከሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይቀራል፤ የሚገባውም የሚመለሰውም በዳኛው ሐሳብ ነው። ሕጉ ሰውየውን በሕይወት ሳለ የቤቱ ሸክም አድርጎ ሲሞት የልጁ ብቻ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። ይህ ለዳኛ የተተወ ሰፊ በር የዳኛውን ባህል ማወቅ ይጠይቃል፤ እርሱም የሚማረው ከእኛ ጽሑፍ ነው። እኛ ካልጻፍነው ዳኛው ከየት ያመጣዋል?

ሁለተኛው ነቀፋ ስለ ምስጢር ነው። አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር፥ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት እንዲያስፈልግ ያዝዛል። አንቀጽ 69 ደግሞ ያለ ስምምነት የተገባው ግዴታ እንዲፈርስ ሌላው ተጋቢ ሊጠይቅ እንደሚችል ከደነገገ በኋላ፥ ካወቀ ስድስት ወር፥ ቢያውቅም ባያውቅም ግዴታው ከተገባ ሁለት ዓመት ካለፈ ሊጠይቅ አይችልም ይላል። አበዳሪን ለመጠበቅ ወሰን ማስፈለጉን አንክድም። ነገር ግን የዚህ ወሰን ውጤት ምንድር ነው? ብድሩን ስድስት ወር ብቻ የሸሸገ ሰው ዕዳው ሊፈርስበት ይችላል፤ ሁለት ዓመት አጥብቆ የሸሸገ ግን ይጸናለታል። አጭር ምስጢር ተቀጥቶ ረጅም ምስጢር ይከበራል።

የ500 ብሩም ወሰን ሊታሰብበት ይገባል። በ1992 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ8 ብር ጥቂት በልጦ ይመነዘር ነበርና 500 ብር ወደ 60 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፥ ያው 500 ብር ከ5 ዶላር በታች ወርዷል። እንዲህ ያለ ወሰን በቃሉ ቢጠበቅ ባልና ሚስት ለአንድ ከረጢት ጤፍ ብድር ሁለቱም መፈረም ይኖርባቸዋል። ማንም የማይጠብቀው ደንብ ደግሞ ለሚያስፈልገው ቀን አይገኝም፤ ትንሹንና ትልቁን ብድር በአንድነት ያስንቃልና።

፭

ይህ ሁሉ በገንዘብ ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት አንድ ምሳሌ እንቁጠር። ሒሳቡ ለማስረጃ የተዘጋጀ እንጂ የማንም ቤት አይደለም። የጋራ ሀብታቸው ዋጋ 300,000 ብር ነው። ሚስቲቱ ከጋብቻ በፊት የነበረቻትን ላም በ20,000 ብር ሸጣ ገንዘቡን ለቤቱ ጣራ አውላለች። ባልየው ለዚያው ቤት ቆርቆሮ 60,000 ብር ተበድሯል። ደግሞም ለወንድሙ ንግድ በ80,000 ብር ዋስ ሆኖ ወንድሙ ስላልከፈለ ዕዳው ወደ እርሱ ዞሯል።

በአንደኛው አቈጣጠር ዕዳው ሁሉ የቤቱ ነው፤ የላሟም ነገር ተረስቷል። ከ300,000 ላይ 140,000 ሲቀነስ 160,000 ይቀራል፤ ለእያንዳንዳቸው 80,000 ብር ይደርሳል። በሁለተኛው አቈጣጠር የቆርቆሮው ብድር ብቻ የጋራ ሆኖ ይቀነሳል፤ ሚስት የላሟን ዋጋ አስቀድማ ታነሣለች። የቀረው 220,000 ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 110,000 ይሆናል። ሚስት በጠቅላላው 130,000 ብር ይዛ ትወጣለች፤ ባል ከድርሻው የወንድሙን ዋስትና ከፍሎ 30,000 ብር ይቀረዋል። ሁለቱም ሒሳቦች «የጋራ ሀብታቸውን እኩል ተካፈሉ» ተብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጻፉ ይችላሉ። በሁለቱ መካከል ግን ለሚስቲቱ የ50,000 ብር ልዩነት አለ። ያንን ዐረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ የሄደ ተመራማሪ ከተፈጸመው ነገር ምን እንደ ያዘ አንባቢ ይፍረድ።

፮

ሦስተኛው ሥራ፥ ከሀብት የሚቈጠረውን መወሰን፥ በመሬትና በበሬ ነገር በግልጽ ይታያል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ሴቲቱ በትውልዷ የምትጠይቀው ርስት ቀረ። መሬት በቤተ ሰብ ኃላፊ በኩል፥ አብዛኛውን ጊዜም በባል ስም፥ ከገበሬ ማኅበር የሚገኝ ሆነ። ቀደም ሲል እኩሌታዋን የሚደግፍላት መሬት ከኋላዋ ተነሣ፤ እኩሌታው ግን እንደ ድሮው የከብትና የእህል እኩሌታ ሆኖ ቆየ። የ1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ማዘዙ፥ በአማራ ክልልም የሁለቱ ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ መለጠፉ፥ የዚህን ጉድለት ከባድ ክፍል አቃንቷል።

ሆኖም መሬቱን እኩል መክፈል ኑሮን እኩል መክፈል አይደለም። አንድ ጥማድ በሬ ያለው ቤት ሲከፈል ለእያንዳንዱ አንድ አንድ በሬ ይደርሳል። በአንድ በሬ አይታረስም። ወንዱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ ራሱ ያርሳል። ሴት በሬ ጠምዳ እንዳታርስ ልማድ በከለከለበት አገር የምትኖረው ሴት ግን የደረሳትን መሬት ለእኩል አራሽ መስጠት አለባት፤ ከምርቱም ግማሹን አራሹ ይወስዳል። ቀድሞ ከሁለቱ በአንድነት ይገኝ ከነበረው ምርት የእርስዋ ድርሻ ሩብ ሆነ ማለት ነው። በደብተር ላይ እኩሌታ የነበረው በጎተራ ውስጥ የእኩሌታ እኩሌታ ሆኖ ይገባል። ይህን ለማየት ሕጉን ማንበብ አይበቃም፤ የአገሩን የእርሻ ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

፯

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፥ ዕዳን ከአንዱ ተጋቢ ላይ በቀላሉ የምናነሣ ከሆነ ባልና ሚስት ተማክረው በመፋታት ባለ ገንዘቡን ባዶ ያስቀሩታል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ዘር ያበደረ ጎረቤትም ፍትሕ ይገባዋል። ስለዚህ የምንጠይቀው ዕዳው እንዲሰረዝ አይደለም። በተጋቢዎቹ መካከል በሚደረገው ሒሳብ፥ ዕዳው ለትዳር ጥቅም ውሏል የሚለው ወገን እንዲያስረዳ ነው። ሀብት በአንዱ ስም ቢሆንም የጋራ ነው ብሎ መገመት ተገቢ የሚሆነው ሀብቱ በሁለቱም ድካም ስለሚገኝ ነው። ብድር ግን በአንድ ሰው ፊርማ ወይም ቃል ብቻ ሊገባ ይችላል። ገንዘቡን የተቀበለው ሰው የት እንዳዋለው ያውቃል፤ ያላየው ሰው ግን አለመዋሉን እንዲያስረዳ ቢጠየቅ የማይቻለውን ተጠየቀ። ይህ ደንብ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል፤ ሚስት በዕቁብ ወይም በንግድ የገባችበት ዕዳም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሽማግሌዎች ነው። ሽማግሌ የቤቱን ገበና ያውቃል፥ ከመዝገብ ይልቅ ሰውን ያነባል፥ ስለዚህ ሒሳቡን ለእርሱ መተው ይሻላል ይላሉ። ሕገ መንግሥቱም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖትና በባህል ሸንጎ መዳኘትን በአንቀጽ 34 አይከለክልም። የሽማግሌን ዕውቀት አናቃልልም፤ የተዝካሩን ብድር ከዳኛ ይልቅ ሽማግሌ ሊፈርደው እንደሚችል እናምናለን። ነገር ግን ሚስት ወደ ባሏ አገር ሄዳ በምትኖርበት ልማድ፥ በፍቺ ቀን የሚቀመጡት ሽማግሌዎች የባልየው ጎረቤቶች፥ የወንፈል ባልንጀሮቹ፥ አንዳንዴም አበዳሪዎቹ ናቸው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እየተባለ ሲነገር የኖረው በትዳር ሳሉ ነው። ሲለያዩ አንዱ በባሕሩ ዳር ይቀራል፥ ሌላይቱ እንስራዋን ይዛ ትሄዳለች።

ስለዚህ በየወረዳው ጥናት ለሚያደርጉ ተማሪዎች የምናሳስበው የሚከተለውን ነው። የፍቺ ሽምግልና ሲመዘገብ የተከፈለው ከብት ብቻ አይጻፍ። እያንዳንዱ ወገን አስቀድሞ ያነሣው ምንድር ነው? የትኛው ዕዳ ተጠራ፥ ማን ጠራው፥ ሌላው ወገን መቼ ሰማው? የትኛው ዕዳ የጋራ ነው ተባለ፥ በምን ምክንያት? የዕቁብ፥ የወንፈልና የዋስትና ነገር ተነሣ ወይስ ዝም ተባለ? ሽማግሌዎቹ ለማን ዘመድና ጎረቤት ናቸው? ከአንድ ዓመት በኋላስ የሁለቱ ቤት ምርት ምን ያህል ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ተጠይቀው መልሳቸው በብዛት ሲሰበሰብ፥ የሰማንያ ሚስት እኩል ትካፈል ነበር የሚለው የቈየ ቃል በየት ቦታና በምን ያህል እውነት እንደ ነበረ ለመናገር እንችላለን። ዳኞችም «ለትዳር ጥቅም» የሚለውን ቃል ሲተረጉሙ የሚደገፉበት ነገር ያገኛሉ። እስከዚያ ድረስ ግን ያለን መዝገብ የተከፈለውን እንጂ የተቀነሰውን አያሳይም።